አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ

የክብሪት ቀፎው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አውቶቡሱ ወደ ግራ ታጠፈ።

ሚስማር ቀፎውን ኪሱ ከተተ። አላየውም። ከጎኑ የቆመው ሽማግሌም አላየውም። ሽማግሌው ብረቱን ይዞ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል። የምስጢር ስሙ አጎት ነው። ሚስማርን ለዚህ ሥራ የመለመለው፣ ያሠለጠነው፣ «ሚስማር» የሚለውንም ስም ያወጣለት እሱ ነው።

«ፎቶዋ ውስጡ አለ» አለ አጎት፤ ከንፈሩ ብዙም ሳይንቀሳቀስ። «ነርስ ናት። የእስር ቤቱ ሆስፒታል ውስጥ ነበረች፤ አሁን ጤና ጣቢያው ተዛውራለች። ሐሙስ አራት ሰዓት ከአገር ለመሸሽ ትወጣለች።»

«ዝርዝሩስ?»

«እሷው ጋ ነው። እስር ቤት የሞቱት ሁሉ አሉበት፤ በስም፣ በቀን። ቦታውን አንተ ምረጥና እንደ ወትሮው ላውንደሪው ድረ ገጽ ላይ አውጣው። እኔ እቀበላታለሁ።»

«ሹፌሩንም የሚቀበሉት እርስዎ ነበሩ።»

«መምህሩንም። ስደርስ የደኅንነት ሰዎች ቀድመውኝ ነበር።» አጎት ጉሮሮውን ጠረገ። «አለቃህን ተጠንቀቃት። ሰርቨሩ ውስጥ ገብታ የፈለገችውን ታያለች። እኔ እንደ ማንም ሰው ከውጭ ነው የማነበው።»

አጎት ፌርማታው ላይ ወረደ። ዞር ብሎ አላየም።

ሚስማር ቆጠረ። የመገናኛውን ቦታ የሚያውቁት ሁልጊዜ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ እሱ፣ አጎት፣ የሚወጣው ሰው። ሁለት ጊዜ የሚወጣው ሰው ተይዟል። አራተኛ የሚያውቅ ካለ የራሱ አለቃ ናት።

እሱ ራሱ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሁለት ሰው ቀረ።

ሚስማር የሌሎችን ድረ ገጽ በሚያስተናግድ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቷል። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮት የለውም። አንድ ፋን ቀንም ሌትም ይዞራል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ስክሪን አለ። በዚያ ስክሪን ላይ ማውስ አያስፈልግም፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ይታዘዛል። ሰርቨሩ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ድረ ገጾች አሉ። የጎማ ነጋዴ አለ። የጥርስ ሐኪም አለ። አንድ ላውንደሪም አለ።

ላውንደሪው የለም። ገጹ ብቻ ነው ያለው። «የሐሙስ ልብስ መረከቢያ» ተብሎ የሚጻፈው ቦታ የመገናኛው ቦታ ነው።

ሚስማር ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ አሰበ።

ሰው ገጽ በጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ ገጹን እንደ አዲስ ይገጣጥማል። ሺህ ሰው ከጠየቀ ሺህ ጊዜ። ያ ስለሚያደክመው በየድረ ገጹ የካሽ ፕለጊን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ተጭኗል። ፕለጊኑ ገጹን አንዴ ኮፒ አድርጎ ያስቀምጥና ለመጣው ሁሉ ያንኑ ያድላል፤ በየጊዜው መዝገብ ቤት መግባት የታከተው ጸሐፊ እንደሚያደርገው። በይለፍ ቃል ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ኮፒ አይሰጠውም። እሱ የሚያየው ዋናውን ነው።

ሚስማር ገጹ ላይ «መነጽር ቤቱ አጠገብ» ብሎ ጻፈ። ፕለጊኑ ኮፒ እስኪያደርገው ጠበቀ። ከዚያ ሁለት ትዕዛዝ ሰጠ፦ ጊዜው ሲያልፍ አታጽዳ፤ ገጹ ሲለወጥም አታጽዳ። ሲጨርስ ዋናውን ገጽ «ስቴሽነሪው አጠገብ» ብሎ ለወጠው።

ከውጭ የሚያነብ መነጽር ቤቱን ያያል። ከውስጥ የሚያነብ ስቴሽነሪውን ያያል።

ሁለቱ ሱቆች አንድ መንገድ ግራና ቀኝ ናቸው። ከእግረኛ ድልድዩ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። አሳዳጆቹ መነጽር ቤቱ ጋ ከመጡ የሸጣቸው አጎት ነው። ስቴሽነሪው ጋ ከመጡ አለቃዋ ናት።

ነርሷ ሁለቱም ጋ አትሄድም።

ማክሰኞ መዳፉን በሰርቨሩ ቁም ሣጥን ጠርዝ ቀደደው። ሆን ብሎ ነው። ጤና ጣቢያው ሲደርስ እጁን የጠቀለለበት ጨርቅ ቀልቷል። በረኛውን አልፎ ከፎቶው ጋር የሚመሳሰል ፊት ፈለገ። አገኛት።

«ይሰፋል» አለች ነርሷ። «በምን ቆረጠዎት?»

«በቆርቆሮ። የላውንደሪውን ገጽ አትመኚ። መነጽር ቤቱ ጋ እንዳትሄጂ።»

መርፌው ቆመ። ፊቷ አልተለወጠም።

«እርስዎን በምን ልመን?»

«አትመኚኝ። ግን ሹፌሩም መምህሩም ያንን ገጽ አምነው ነው የሄዱት።»

አንድ ስፌት ሰፋች። ሁለተኛውን ጠበቅ አደረገችው። አመመው።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ተኩል» አለ ጥርሱን ነክሶ። «የበረዶ ፋብሪካው የኋላ በር። መኪናውን የሚነዳው የሹፌሩ ሚስት ወንድም ነው። ለሁለት ሰው ቦታ አለው። ሁለተኛው እኔ ነኝ።»

አምስት ስፌት ሰፋች። በፋሻ ጠቀለለችው።

«ክሩን በስምንተኛው ቀን መጥተው ያስወጡ» አለች፤ ሌላ በሽተኛ ገብቶ ነበርና። «እጅዎን ውኃ እንዳያስነኩ።»

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አለቃዋ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ገባች። ወደ ስልሳ የምትጠጋ ሴት ናት። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል።

«ስማ ወንድሜ፤ የጎማ ነጋዴው ደውሎ ነበር። የትናንቱን ገጽ ነው አሁንም የምታሳዩት ብሎ እናቴን ሰደበ።»

«እናትዎን ያውቃቸዋል?»

«ቢያውቃት ምላሱ አይንቀሳቀስም ነበር። ካሹን አጽዳ።»

«የእሱን ላጽዳለት?»

«የሁሉንም። ዛሬ እሱ ነው፣ ነገ ጥርስ ሐኪሙ ነው። በአንድ ትዕዛዝ ጨርሰው።»

አጎት ገጹን የሚያነበው ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የላውንደሪው ካሽ አሁን ከጸዳ ከውጭም ከውስጥም የሚታየው አንድ ይሆናል። ሻጩ አይለይም።

አለቃዋ ከጀርባው አልተንቀሳቀሰችም።

ሚስማር ጻፈ። ትዕዛዙ በየድረ ገጹ እየዞረ የሚያጸዳ ነው። መጨረሻው ላይ ጥቂት ፊደላት ጨመረ፤ ላውንደሪውን ዝለለው የሚሉ። ተጫነው። መስመሮቹ ወረዱ። ጸድቷል። ጸድቷል። ጸድቷል። በመጨረሻ ድምሩ መጣ።

«አራት መቶ አሥራ አንድ» አለች አለቃዋ መነጽሯን አድርጋ። «እኛ ያለን አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«አንዱ ፕለጊኑ ተበላሽቷል።»

«የቱ?»

«ላውንደሪው።»

«እስቲ ተነሳ።»

ወንበሩን ያዘች። ከእሱ አካውንት ወጥታ በራሷ ገባች። የላውንደሪውን ፕለጊን ቅንብር ጠየቀች። ሁለት መስመር መጣ። ጊዜው ሲያልፍ ማጽዳት፦ ጠፍቷል። ገጹ ሲለወጥ ማጽዳት፦ ጠፍቷል።

«የተበላሸ ነገር የለም። ሰው ነው ያጠፋው።»

ሚስማር በሩን አየ። በሩ አራት እርምጃ ይርቃል።

አለቃዋ ገጹን በሁለት መስኮት ከፈተችው። በግራ ከውጭ። በቀኝ ከውስጥ።

መነጽር ቤቱ።

ስቴሽነሪው።

አለቃዋ ወደ ሚስማር ዞረች።

«ይሄ ደንበኛ ደውሎ ያውቃል?»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። በአራት ዓመት አንዴም አልደወለም። ገጼ ዘገየ አላለም፤ ፎቶዬ ጠፋ አላለም። ሃያ ዓመት ሠርቼ የማያማርር ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር።»

«ማንን?»

«እኔ እንጃ። ላውንደሪውን።»

ጣቶቿ እንደገና ጻፉ። ትዕዛዙን ሚስማር ከትከሻዋ በላይ አነበበው። ሁሉንም አጽዳ፤ ላውንደሪውን ዝለል። በገዛ ስሟ ተጫነችው። አራት መቶ አሥራ አንድ።

«ለጎማ ነጋዴው ጸድቷል በለው» ብላ ወጣች።

ሚስማር ባዶውን ወንበር አየ። ለምን? ከእነሱ ወገን ከሆነች ሁለቱንም ቦታ አውቃለች። ነገ ሁለቱም ጋ ይቆማሉ። ካልሆነች ደግሞ ገመዱን ራሷ አንገቷ ላይ አጥልቃለች። እዚህ ቤት በነፃ የሚደረግ ነገር አይቶ አያውቅም።

ሐሙስ ቁስሌ አመመኝ ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ከአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ድልድዩ ላይ ነበር።

ስቴሽነሪው በር ላይ አንዲት ሴት ደጇን ትጠርጋለች። ሌላ ሰው የለም።

መነጽር ቤቱ ፊት አንድ ነጭ መኪና ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም። ሁለት ጎልማሶች መስታወቱ ውስጥ መነጽር ያያሉ። ዓይናቸው መነጽሩ ላይ አይደለም። አጎት ከእነሱ አሥር እርምጃ ርቆ ጋዜጣ ይዟል።

እነሱን አላያቸውም ይሆን? ተከትለውት ይሆን?

አራት ሰዓት። አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ሴት ዘንቢል ይዛ መጣች። ሁለቱ ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት።

«ምን አድርጌ ነው? ልቀቁኝ! ኧረ በሕግ!»

ሻርፗን ከፊቷ ገፈፉት። አንደኛው ወደ አጎት ዞረ።

አጎት ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ለቀቋት። ሴትየዋ እየተሳደበች የተበተነ ቲማቲሟን ለቀመች። አጎት ጋዜጣውን ገለጠ።

ሚስማር የድልድዩን ብረት በቆሰለ እጁ ጨብጦ እንደነበር ያወቀው ሲያመው ነው። ታይፎይድ ይዞት የተኛ ጊዜ ሾርባ ያመላለሰለት ይህ ሰው ነው። ስም ያወጣለት ይህ ሰው ነው።

ወረደ። ወደ በረዶ ፋብሪካው ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ይደርሳል።

ሁለት ማዕዘን ካለፈ በኋላ ቆመ።

አጎት ነርሷ እንደማትመጣ በቅርቡ ይገባዋል። ቀጥሎ የሚሄደው ሰርቨሩ ጋ ነው። ሰርቨሩ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘ መዝገብ ይይዛል። የሰኞው በሚስማር ስም ነው። የረቡዑ በአለቃዋ።

ሰዓቱን አየ። አራት ከአሥር።

ተመለሰ።

አለቃዋ የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትበላለች።

«አመመኝ ብለህ አልነበር?»

«ተሻለኝ። አንዴ ይነሱልኝ፣ እትዬ።»

መዝገቡን ከፈተ። የእሷን መስመሮች አገኛቸው። ስሟን አጠፋ። በቦታው እሱ ራሱ እዚህ አራት ዓመት የተጠራበትን ስም አስገባ። ያ ስም ከዛሬ በኋላ የትም አይሠራም። ከዚያ የላውንደሪውን ካሽ አጸዳ። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

«የእኔን ነካክተሃል» አለች ከኋላው።

«የእርስዎ የለም። ረቡዕ እዚህ ክፍል አልገቡም። ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

ለውዟን አኘከች።

«አቤት፣ ስብሰባው ሲያሰለች» አለች።

«ሰዎች ይመጣሉ። ስለ እኔ ይጠይቁዎታል።»

«ምን ልበል?»

«ሰነፍ ነበር ይበሉ።»

«እሱን ለማለትማ መዋሸት አያስፈልገኝም።» ድምፅዋ ወደ መጨረሻው ቀጠነ። «ሂድ በቃ። በኋላ በር ውጣ፤ መብራቱ ተቃጥሏል፣ ደረጃውን በእግርህ እየዳበስክ ውረድ።»

ነጩ መኪና ከፊት ሲቆም እሱ ከኋላ ወጣ።

በረዶ ፋብሪካው ሲደርስ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። መሬቱ ላይ መኪናው የቆመበት ቦታ በውኃ ረጥቧል። የጎማው መስመር ወደ ዋናው መንገድ ይሄዳል። ነርሷ ሄዳለች። የእሱ ቦታ ባዶውን ሄዷል።

በስምንተኛው ቀን፣ በሌላ ከተማ፣ በተከራያት ክፍል ውስጥ ክሩን በጥፍር መቁረጫ ራሱ አወጣ። አምስቱንም። በማግስቱ ቀለም ቀቢ ሆኖ ሥራ ጀመረ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ድንበር ማዶ ያለ፣ የእስረኞችን ዜና የሚያወጣ አንድ ድረ ገጽ ከፈተ። የድሮው ገጽ ነው፤ ምንም የለም። አልተነሳም። ኮፒ መሆኑ ነው ብሎ ጠበቀ። እንደገና ከፈተው።

መቶ ሰማንያ ሦስት ስም።

በስም፣ በቀን። ሹፌሩ አለበት። መምህሩም አለበት። ከታች «በነርስ የተመዘገበ» ይላል፤ ማን እንደሆነች አይልም። ሁሉንም አነበበ፤ አንዱንም አልዘለለም።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎ አልቋል» አለች የቤቱ ልጅ። «ጨረሱ?»

«ጨረስኩ።»

ልጅቷ መጥታ ሁለት ቁልፍ ተጫነች፤ እሱ ያየውን ሁሉ አጠፋች። ወንበሩን በጨርቅ ጠረገችው።

«የሚቀጥለው!» አለች።

እሱ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።