ያልተደመጠችው ልብ

በአሜሪካዋ ጌሪ ከተማ፣ ያለ ሐኪም ፊርማ ለስፖርት ውድድር የሚሰለፍ ልጅ የለም። የሀብታም ሰፈር ልጆች የቤተሰብ ሐኪም አላቸው፤ የምሥራቁ ሰፈር ልጆች ግን ያለቻቸው ሐኪም ኦዴሳ ብቻ ነበረች። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ከክሊኒኳ ወጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ትወርድና ደረታቸውን በነጻ አዳምጣ ትፈርምላቸዋለች።

ላሞንትን ያወቀችው እዚያ ነው። የሴቶቹን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከምንም ተነስቶ ያቋቋመውና የሚያሰለጥነው እሱ ነው። ልጆቹን አሰልፎ ሲያስገባ እሷን ሰረቅ አድርጎ ያያታል፤ እሷም እንዳላየች ትሆናለች። በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ ራሳቸው «ኮች፣ እስከ መቼ ነው የምታፈጥባት? አግባትና እንረፍ» ብለው ገላገሏቸው። ሠርጉም ለሰኔ ተቆረጠ።

በዚያው ኅዳር በረዶው አውቶቡሶቹን አስቆመና አሥራ አንድ ልጆች ሳይመረመሩ ቀሩ። ውድድሩ በማግስቱ ይከፈታል፤ ሐኪም የፈረመበት ቅጽ ያላሟላ ቡድን ደግሞ ለዓመቱ ይሰረዛል። ላሞንት ቅጾቹን በብብቱ ይዞ ክሊኒኩ ድረስ በእግሩ መጣ።

«ልጆቹን እኮ ታውቂያቸዋለሽ» አላት። «አምና የፈረምሽላቸው ናቸው። ሰኞ አንድ በአንድ አመጣልሻለሁ።»

ኦዴሳ ጫማውን አየችው፤ ርሶ ውሃ ያንጠባጥባል። አንጀቷን በላት፤ ፈረመች።

በማግስቱ ከአሥራ አንዱ ልጆች አንዷ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ትሪኒስ፣ ኳሱን እንደያዘች ወደቀች፤ በዚያው አልተነሳችም። በአንድ ዓመት ውስጥ የልቧ ጡንቻ ያለ ልክ ወፍሮ ነበር። ሐኪም ቢያዳምጣት ሊሰማ ይችል ነበር ተባለ።

ኦዴሳ አፏን ሳትከፍት ላሞንት ቀደማት። ፊርማዋን አስመስዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ ብሎ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ።

«እውነቱን እናገራለሁ» አለችው።

«ክሊኒኩን ይዘጉታል። የቀሩትን ማን ያዳምጣቸዋል? እኔን የሚተካ አይጠፋም። አንቺን የሚተካ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።»

እውነቱን ለፖሊስ ሳትናገር ቀረች፤ በዚህም ራሷን ጠላች። በቀብሩ ቀን የትሪኒስ አያት ሚስ ቨርና አቅፋት «ያ ሰውዬ በስምሽ ቀለደ፤ አይዞሽ ልጄ» ስትላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ላሞንት ስምንት ወር ታሰረ፤ ልጆች ወደሚጫወቱበት ቦታ ሁሉ እንዳይደርስም ዕድሜ ልኩን ታገደ። አብረው ቢታዩ ውሸቱን ማንም አያምንም፤ ስለዚህ ሠርጉ ቀረ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር፣ አንዲት ቀጭን ልጅ እዚያው ምድር ቤት ኦዴሳ ፊት ቆመች።

«አጎቴ ደጅ ነው፤ እዚህ መግባት አይፈቀድለትም። ሁለቴ ታዳምጥሽ ብሎኛል» አለቻት።

ኦዴሳ ሁለቴ አዳመጠቻት፤ ለሦስተኛ ጊዜም ደገመች። ልቧ ደህና ነው። በምድር ቤቱ ትንሽ መስኮት በኩል በረዶ ላይ የቆሙ ሁለት ጫማዎች ይታያሉ። እንደዚያን ቀን ርሰዋል። ኦዴሳ ወጥታ ልታቅፈው እግሯ ተነሣ፤ ግን የልጆቹ ሰልፍ እስከ ደረጃው ድረስ ነበር።

ቅጹን ፈረመችና ቀጣዩን ልጅ ጠራች።