በሚስቱ ዓይን የነዳ ሰው

ከከባድ መኪናዎች ማቆሚያ ጀርባ፣ ግድግዳዋ በጭስ በጠቆረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንድ ሾፌር ከሚስቱና ከአንድ ልጁ ጋር ይኖር ነበር። የሙያ ጓደኞቹ «ጌታው» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በሀብቱ አይደለም፤ «እኔ የራሴ ጌታ ነኝ» የምትለው ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ ነው። በወጣትነቱ የሰው መኪና ሲነዳ፣ ባለንብረቱ የሾፌሩ ትንሽ ልጅ እያየ በጥፊ መታው። የዚያን ቀን እህል ሳይቀምስ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። «ከእንግዲህ የሰው መኪና አልነዳም» አለ። ሚስቱም ቃሉን ቃሏ አደረገችው። የጆሮዋን ወርቅ አውልቃ ሸጠች፤ እጇ እስኪላጥ የሰው ልብስ አጠበች። ስንት ዘመን ተርበው፣ ስንት ዘመን ሊለብሱ ያሰቡትን ትተው፣ በመጨረሻ አንዲት ያረጀች የጭነት መኪና ደጃቸው ላይ ቆመች።

እንዴት አድርጎ ይወዳት እንደነበር! ሌላ ሰው እንዲያጥባት አይፈቅድም። መሪዋን የነካ እንደሆነማ ዓይኑ ደም ይለብሳል። ያሻውን ጭነት ሲቀበል፣ ያላሻውን «አይሆንም» ሲል፣ ሻዩን ተረጋግቶ ጨርሶ ሞተር ሲያስነሳ ደረቱ ይነፋል። ልጁ አድጎ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ጊዜ ግን በአንድ ድርጅት ሾፌርነት ተቀጠረ።

«አባዬ፣ አንድ መኪና ሁለት ሾፌር አያኖርም» አለው ልጁ።

«የሰው ሎሌ ከምትሆን ደጄን ባትረግጥ ይሻለኛል» አለ አባት።

ልጅም ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። እናት እስከ መንገዱ ጠርዝ ሸኝታው ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ የልጁ ስም በዚያ ቤት ጮክ ተብሎ አልተጠራም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት ጌታው ስፖኪዮው የቆሸሸ መሰለውና በጨርቅ ወለወለው። ደግሞ ወለወለው። ቆሻሻው ግን መስታወቱ ላይ አልነበረም… ሐኪሙ ዓይኑን መርምሮ፣ «ዳርና ዳሩን ማየት እያቆሙ ነው። የጠፋው አይመለስም። መሪ እንዳይጨብጡ» አለው። ጌታው ይህን የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው።

«መኪናዋን ለልጃችን ስጠው» አለችው።

«ያኔ ያባረርኩትን፣ ዛሬ ዓይኔ ሲጠፋ ልለምነው?»

«ልጅህ እኮ ነው።»

«ለማንም ትንፍሽ ብትዪ እኔና አንቺ አበቃን።»

ምን ታድርግ? ብትናገር ባሏ በቁሙ ሊሞት ነው፤ ዝም ብትል መንገድ ላይ ሊቀር ነው። ከፊቷ ገደል፣ ከኋላዋ እሳት! «እንግዲያው ብቻህን አትነዳም» አለችና በማግስቱ ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ከቀኝ ሳይክል አለ… ልጆች ሊሻገሩ ነው፣ ቀስ በል… አሁን ሂድ።» ከንጋት እስከ ማምሻ ንግግሯ ይኸው ሆነ። ጎማ ቤት ሲቆሙ ሾፌሮቹ ይቀልዱ ነበር። «ጌታው፣ የጫጉላ ሽርሽር አሁን ነው እንዴ ትዝ ያለህ?» «ምነው፣ ቀናችሁ?» ትላቸዋለች። ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች። ከዚያ ከመኪናው ጀርባ ሄዳ ፊቷን ትታጠባለች፤ እንባዋን ከውሃው ማን ይለየዋል? ልጇ ስልክ ሲደውል፣ «እማዬ፣ ድምፅሽ ምነው ደከመ?» ይላታል። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ይደርስና መልሳ ትውጠዋለች። «ጉንፋን ነው» ትለዋለች። የባሏ ዓይን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ዓይን እየጠበበ ሄደ። በዚያች ጋቢና ውስጥ እሱ የኩራቱ እስረኛ፣ እሷ የእሱ እስረኛ ሆኑ። ዓይኗን ማርገብገብ እንኳ ፈራች።

አንድ ቀን ትኩሳት ይዟት ተነሳች። «ራሴን እየፈለጠኝ ነው። ዛሬ ብንቀርስ?» አለችው።

«ቃል የሰጠሁበት ጭነት ነው። ቃሌን ካጠፍኩ ምን ሰው ነኝ?»

እሷም ተሳፈረች። እኩለ ቀን ላይ፣ በቁልቁለቱ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ዓይኗ ተከደነ። በቀኝ ጠርዝ የተበላሸ መኪና ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ራቅ ብሎ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጧል። ጌታው ምንም አላየም። ከቆመው መኪና ጋር ተላተመ፤ የተመታው በእሷ በኩል ያለው ጎን ነው።

መሪው ደረቱን ተጭኖት፣ ብረቱ እግሩን ነክሶት፣ መላወሻ አጥቶ እጇን በዳበሳ ፈለገ። አገኘው።

«አለሽ?»

«አለሁ… ስማኝ። ሰዎች ሲመጡ ስለ ዓይንህ እንዳትነግራቸው። ፍሬን እምቢ አለኝ በል።»

«አንቺ ሴት፣ አሁንም ስለ እኔ ነው የምታስቢው?»

«ልጁን ጥራው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብረቱን ቆርጠው እስኪያወጡት ድረስ እጇ በእጁ ውስጥ እየቀዘቀዘ ሄደ…

የትራፊክ ፖሊሱ አጠገቡ ተንበርክኮ፣ «ፍሬን ነው ያስቸገረዎት?» አለው። መዳኛው መንገድ ተከፍቶለት ነበር፤ ሟቿ ራሷ ከፍታለት ሄዳለች። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ፍሬኑ ደህና ነው። የማላየው እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የነዳሁት።»

ልጁ እናቱን ቀበረ። አባቱን ግን እስር ቤት ሄዶ አልጠየቀም። መኪናዋ ተቆራርጣ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጌታው ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ የዓይኑ ብርሃን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ግድግዳ እየዳበሰ ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አልጋው… ዓለሙ ያቺ ብቻ ሆነች። ልጁን ግን አልጠራም። በምን አፉ ይጥራው?

አንድ ከሰዓት በሩ ተከፈተ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው የልጁን ድምፅ አወቀ። «እናትህን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ። ይቅር ልልህ አልመጣሁም። ገና አልቻልኩም።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ብቻህን እንደሆንክ ሰማሁ። ጎረቤት ቁራሽ ካልሰጠህ እንደማትበላ ሰማሁ።»

ለማንም ጎንበስ ብሎ የማያውቀው ሰው እጁን በጨለማው ውስጥ ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ልጁ ያዘው። ያኔ ሁለቱም፣ ያቺን ሴት እያሰቡ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልጁ ውሃ አሙቆ የአባቱን ፊት አጠበ፣ አልጋውንም አነጠፈ። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ቤት ቀረ።

ከሰው ቀንበር መውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ማን ይነቅፈዋል? ግን ስንቱ ነው ከራሱ ጫንቃ ያወረደውን ቀንበር ሳያውቀው በሚወዱት ላይ የሚጭን? ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ናት እንላለን። ከዚህ ሰው ግን ዕጣ የወሰደችው ዓይኑን ብቻ ነበር። የቀረውን የሰጣት እሱ ራሱ ነው።