አንድ አምፖል ብቻ

የዳሎል ትኩሳት እንደ ወትሮው ከቁርስ በፊት ድሬዳዋ ገባ። ከመሬት ሆድ የተቀዳው ሙቀት ኮረንቲ ሆኖ በረሃውን ሲያቋርጥ ቀና ብሎ የሚያየው የለም፤ ከተማዋ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ መብራት ጠፍቶባት አያውቅም።

የኢፍቱ ሥራ የመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። በአንድ አቅጣጫ የሚፈሰውን ኮረንቲ ቤቶች ወደሚጠቀሙበት ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚቀይሩ ሁለት መሣሪያዎች ጣቢያው ውስጥ ለሙከራ ተተክለዋል። አንዱ «ተከታይ» ይባላል፤ ብክነቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ግን የከተማዋን ኮረንቲ ምት እየተከተለ ካልሆነ አይሠራም። ሌላው ኢፍቱ ሽንጧን ገትራ የተከራከረችለት «ራስ ጀማሪ» ነው፤ ትንሽ ያባክናል፣ ምቱን ግን ራሱ ይፈጥራል። ዛሬ የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር ደርበው አንዱን መርጠው ይፈርማሉ፤ ያልተመረጠው ይነቀላል።

«እኔ ብክነት አልወድም» አሉ፣ ለተከታይ ሊፈርሙ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ደግሞስ ድሬ መቼ ሞታ ታውቃለች?»

አፋቸውን ሳይዘጉ ሞተች። የአንድ ማከፋፈያ ብልሽት ሌላውን እየጎተተ በዚያ ቀትር ከተማዋን በሙሉ ጣላት። የዳሎሉ ኮረንቲ መምጣቱን አላቋረጠም፤ ተከታይ ግን የሚከተለው ምት አጥቶ ድርቅ አለ።

ኢፍቱ ወደ ራስ ጀማሪ ስትሮጥ አስሊ ተናገረ፤ አስሊ የጣቢያው አሳቢ ማሽን ነው። «አልመክርም። የከተማው ፍሪጅና የአየር ማቀዝቀዣ ሁሉ ባንዴ ኃይል ይስብበታል። ይቃጠላል።»

ኢፍቱ ፈራች። መሣሪያው ከተቃጠለ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ፤ ምርጫም አይኖርም። ትንሽ አሰበችና ስልኳን አወጣች።

«እማ፣ ፍሪጁን ነቅለሻል?»

«ምን ነካሽ? መብራት ሄዶ የማይነቅል አለ እንዴ! ሲመለስ በኃይል መጥቶ ያቃጥልልኝ? አንድ አምፖል ብቻ ትቻለሁ፣ መምጣቱን እንዳውቅ።»

«ጎረቤትስ?»

«ፋጡማ አጥር ላይ ወጥታ ንቀሉ እያለች ስትጮህ ሰፈሩ ሰምቷል።»

ኢንጂነር ደርበው ሳቁ። «በአንቺ እናት ስልክ ልንወስን ነው?»

«ኃላፊው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎም ይደውሉ።»

ሚስታቸው ጋ ደወሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ተነጋገሩና ስልኩን ዘጉ።

«የኛም ተነቅሏል» አሉ። «በይ ጀምሪው።»

ራስ ጀማሪ አጉረመረመ። ኢፍቱ የኮረንቲውን ቁጥር ተመለከተች፤ ቀስ እያለ ወጣ፣ አልወደቀም። ድሬ የጠየቀችው የአምፖል ያህል ብቻ ነበር። ከውጭ «መብራት መጣ!» የሚል ሆታ ተነሳ፤ መብራት ሲጠፋ አይተው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ይጮኻሉ። ኢፍቱ በመሣሪያዋ ኮራች፣ በከተማዋ ግን ይበልጥ ኮራች፤ ዕንባዋ መጣ።

«ያሁን ዕቃ ራሱን ይጠብቃል» አለ አስሊ። «ማንም ሳያዛቸው ለምን ነቀሉ?»

«ዕቃውን ታውቃለህ» አለችው። «ሰዉን ገና ትለምደዋለህ።»

ኢንጂነር ደርበው ለራስ ጀማሪ ፈረሙ። ወዲያው የኢፍቱ ስልክ ጮኸ።

«መጥቷል፤ ፍሪጁን ልሰካው?»

«ቆይ እማ፣ ትንሽ ይርጋ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ እናቷ። «አንቺ ታውቂ እንደሆን ብዬ ነው።»