ያልቀላችው ብርጭቆ

«ጠዋት ሳጥኑ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?» ሲል መርማሪው ጠየቃት። የመጋዘኑ ጽዳት ሠራተኛ ያኔ ፊደል አትለይም ነበር።

«ግድግዳውን ቢጠይቁት ይሻልዎታል» አለ የድርጅቱን የጉምሩክ ወረቀት የሚያስፈጽመው ትራንዚተር፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ልቧ ፖሊስ መኪና ውስጥ ከተቀመጠችው ልጇ ጋር ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊው በምሳ ሰዓት ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኝቷል፤ ከጎኑም ጥጉ በደም የተለወሰ ሳጥን ነበር። ትራንዚተሩ፣ ሳጥኑ ከፎርክሊፍት ላይ ሲወድቅበት በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል። ፎርክሊፍቱን የምትነዳው ደግሞ ልጇ ናት። ብቻዬን ምሳ እየበላሁ ነበር ብትልም ምስክር የላትም።

መርማሪው ሳጥኑን ዞረው። ወረቀቱ «የልብስ ማጠቢያ» ይላል፤ ሙጫው ግን ገና አልደረቀም። በጥፍሩ ሲልጠው ከሥሩ እውነተኛው ስም ወጣ፦ ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር እንዳይሻገር ባለፈው ወር የታገደ የቺፕ መሥሪያ ማሽን። የትራንዚተሩ ሙያ ይኸው ነው፤ እገዳ በወጣ ቁጥር ለማሽን ስም ያወጣል። ትናንት የሆስፒታል ዕቃ፣ ዛሬ የልብስ ማጠቢያ፣ ነገ የሕፃን አልጋ። ሳጥን ግን ነክቶ አያውቅም፤ እጁ ይቆሽሽበታል።

«እትዬ፣ ማንበቡ ይቅር» አለ መርማሪው። «ያዩትን ይንገሩኝ።»

አንድ ቃል ብትስት ልጇን በገዛ አፏ የምታሳስር መሰላት። ቢሆንም ሳጥኑ ጥግ ላይ የተለጠፈችውን ጣት የምታህል ብርጭቆ አሳየችው።

«ሳጥኑ ከወደቀ ይቺ ትቀላለች። ከቀላች ገዢው አይረከብም። ስወለውል ጠጋ ካልኩ እሳቸው ይቆጡኛል» አለች፣ በሩ ጋ ወደቆመው የድርጅቱ ባለቤት እያመለከተች። «ጠዋት ነጭ ነበረች።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየ። ብርጭቆዋ አሁንም ነጭ ናት።

ልጅቷን አስመጣና ሁሉንም ሳጥኑ ፊት አቆማቸው።

«ሳጥኑ አልወደቀም» አለ። «ሰውየው በሌላ ነገር ተመትቶ፣ ደሙ ሳጥኑ ላይ ተቀብቷል። ባለቤቱ ቢሆን ኖሮ ብርጭቆዋን አስቀድሞ ያቀላት ነበር፤ ጠባይዋን ያውቃል። ልጅቷም ታውቃለች። የማያውቀው ከወረቀት ሌላ የማያውቀው ሰው ብቻ ነው። ሲወድቅ ያየውም እሱ ብቻ ነው።»

«ሟቹ በአዲሱ ወረቀት አልፈርምም ማለቱን ለትራንዚተሩ ነግሬዋለሁ፤ ግደለው ግን አላልኩም» አለ ባለቤቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የመጋዘኑ የሳጥን መክፈቻ ብረት ከነደሙ ትራንዚተሩ መኪና ውስጥ ተገኘ። የተጠቀለለው በተረፉት የልብስ ማጠቢያ ወረቀቶች ነበር፤ ሰውየው ለሬሳም ለብረትም ያለው መላ አንድ ነው፣ ወረቀት።

ትራንዚተሩ በካቴና ሄደ። ባለቤቱም በታገደው ማሽን ተከሶ ታሰረ፤ በዋስ በወጣ በሦስተኛው ቀን ግን ከአገር ጠፋ። መጋዘኑ ሲታሸግ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነበበችላት ልጇ ናት፤ እናትየዋ በሳምንቱ የጎልማሶች ትምህርት ገባች።

ሥራዋን አጣች፤ ልጇ ግን ቀረችላት።