የጌንዞ ነጭ ነጥብ

ፉሚዮ ስንቱን የሞተ ሞተር ሳይክል አስነስታለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰዓት እያየች ሠርታ አታውቅም። የታኬኖሪ አሮጌ ሞተር ሳይክል ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ያዋታሃማ ወደብ ካልደረሰ፣ የእሷና የታኬኖሪ ጋብቻ ሕልም ሆኖ መቅረቱ ነው።

ነገሩን ያከበደው የቤት ስም ነው። አባቷ ጌንዞ ወንድ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ ልጃቸውን የሚያገባ ሰው የራሱን ስም ደጃፍ ላይ ጥሎ፣ የእሳቸውን ተሸክሞ፣ ጥገና ቤቱንም ተረክቦ መግባት አለበት። ታኬኖሪ ደግሞ የበኩር ልጅ ነው። የበኩር ልጅ የአባቶቹን ስም፣ መቃብርና የመንደሪን እርከን ትቶ ንቅንቅ አይልም፤ ታናሽ ወንድም በቦታው ካልቆመለት በቀር።

ታናሹ ዮሺማሳ ግን በዚያው ጠዋት ሻንጣውን ይዞ በአውቶቡስ ወጥቷል። በስምንት ሰዓቱ መርከብ ማዶ ተሻግሮ ከሩቅ ባሕር ዓሣ አጥማጆች ጋር ሊሄድ ነው። ልጁ ልቡ እርከኑ ላይ እንደነበረ፣ የሚሄደውም ለሁለተኛ ልጅ ቦታ ስለሌለ ብቻ መሆኑን እናቱ የተናገረችው አውቶቡሱ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ነበር። አንዳንድ እናት ምስጢር ስትጠብቅ እንዲህ ልክ አታውቅም።

«ብትደርስበት ይመለሳል?» አለችው ፉሚዮ ታኬኖሪን፣ ከሞተሩ ላይ ቀና ሳትል።

«ቤቱ ያንተ ነው ካልኩት ሻንጣውን ወርውሮ ነው የሚወርደው። ማዶ ከተሻገረ ግን የሦስት ዓመት ውል ይፈርማል።»

«እንግዲያው ወሬህን ተውና ባትሪውን አብራልኝ።»

«እያበራሁልሽ ነው እኮ።»

«ፊቴ ላይ ነው የምታበራው።»

ታኬኖሪ ባትሪውን ዝቅ አደረገ፤ ዓይኑን ግን ከፊቷ ላይ አላነሳም።

ለካንዴላው እሳት የምትሰጠው ፑንቲና ተቃጥላ ጠቁራ ነበር። ፉሚዮ የፑንቲናዋን ሁለት የብረት ከንፈሮች ሞረደቻቸውና አጸዳቻቸው። ከዚያ አባቷ እንዳስተማሯት ከሲጋራ ፓኮ ስስ ወረቀት ቀድዳ በከንፈሮቹ መካከል አስገባች፤ የሞተሩን መዘውር በቀስታ እያዞረች ወረቀቱን ሳብ ሳብ አደረገችው። ከንፈሮቹ ወረቀቱን በለቀቁበት ቅጽበት እሳቱ ይፈነጥቃል። ያ ቅጽበት ደግሞ ጌንዞ መዘውሩ ላይ ካኖሩት ነጭ ነጥብ ጋር መግጠም አለበት።

መዘውሩ ላይ ሁለት ጭረቶች አሉ። አንዱ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚመጣ ነው፤ ሌላው ጣት በማይሞላ ርቀት ይቀድመዋል። እሳቱ መፈንጠቅ ያለበት በቀዳሚው ላይ ነው፤ ጌንዞም ለዓይን እንዲቀል ቀዳሚውን በነጭ ቀለም ይነጥቡታል። በዚያ አካባቢ «የጌንዞ ነጥብ ያለበት አይከዳም» ይባላል። ባለፈው ክረምት ከታመሙ ወዲህ ረቂቁን ሥራ ልጃቸው ትሠራለች፤ ነጥቡን ግን ለማንም አልሰጡም። የታኬኖሪንም ባለፈው ወር እሳቸው ናቸው ያደሱት። ቀለሙን ፍቆ ከሥሩ ያለውን ጭረት ማየት «አባዬ፣ አላምንዎትም» እንደ ማለት ነው። ፉሚዮ አልፋቀችም።

መዘውሩ ነጥቡ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ተለቀቀ። ሞተሩም ተነሳ። ድምፁ ትንሽ ደነዘዘባት፤ ጭንቀቴ ነው ብላ ተወችው።

«በመርከቡ ጥሩምባ ጊዜ አስቢኝ» አለ ታኬኖሪ።

«አሁንስ ምን እያሰብኩ መሰለህ? ሂድልኝ!»

አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ወደቡ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ፉሚዮ ሰዓቱን እያየች ወለሉን ጠረገች፤ ጠርጋ ስትጨርስ የተጠረገውን እንደገና ጠረገች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓሣ ነጋዴዋ ሺጌ ሳጥን በጫነች ትንሽ ሞተር ሳይክሏ እየተንደቀደቀች መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ጎረምሳሽ ከዳገቱ ጫፍ ቆሞ ሞተር ሳይክሉን ይረግጣል! የጭስ ቧንቧው እንደ ፍም ቀልቷል። ምን አብልተሽ ላክሽው?»

«አይሆንም። ነጥቡ ላይ ነው የገጠምኩት።»

ይህን እያለች ዘወር ብላ አባቷን አየች። ጌንዞ ጠረጴዛው ላይ የሌላ ደንበኛ መዘውር ይዘው ብሩሻቸውን አስጠግተዋል። ዓይናቸውን አጥብበዋል፤ የብሩሹ ጫፍ ይርገበገባል። ቀዳሚውን ጭረት አልፎ ሁለተኛው ላይ አረፈ። ጌንዞ ረክተው ብሩሹን ጠረጉ።

ፉሚዮ ያን ጊዜ ገባት፤ የታኬኖሪም ነጥብ እንዲሁ ስቷል። እሳቱ ዘግይቶ ነው የሚፈነጥቀው ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ግን ሞተሩን ያነደዋል። የምትወደውን ሰው በገዛ እጇ ነው መንገድ ላይ ያስቀረችው። ልትነግራቸው ፈልጋ የአባቷን ሽበት ስታይ ወደ ሺጌ ዞረች።

«ሺጌ፣ ሞተር ሳይክልሽን አውሺኝ።»

«ዓሣዬስ?»

«አባዬ ይገዙልሻል!»

«ምኑን ነው የምገዛው?» አሉ ጌንዞ፤ እሷ ግን ከነሳጥኑ ወጥታለች።

ዳገቱ ጫፍ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ታኬኖሪ በላብ ርሶ መንገዱ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ነካው?» አላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ይህችን ይዘህ ብረር፣ በኋላ ትሰድበኛለህ።»

ታኬኖሪ ሊሰድባት አልፈለገም። በቅባት የጠቆረ እጇን ለአንድ አፍታ ያዘ፣ ለቀቀው፣ ሄደ።

ብቻዋን ስትቀር የመዘውሩን ክዳን ከፍታ ነጩን ነጥብ በጥፍሯ ፋቀችው። ከሥሩ የወጣው የተሳሳተው ጭረት ነበር። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሠራች። የፑንቲናዋን ክፍተት ጥቂት አሰፋች፤ ወረቀቱ ትክክለኛው ጭረት ላይ ሲለቅ ብሎኗን አጠበቀች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አንዴ ብትረግጠው ጥርት ባለ ድምፅ ተነሳ። ምን ዋጋ አለው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከዚያ ጫፍ ላይ ባሕሩ ይታያል። ስምንት ሰዓት ሲሆን የመርከቡ ጥሩምባ በሩቁ ተሰማ፤ ነጭ መርከብ ከወደቡ አፍ ወጣ። ዮሺማሳ ውስጡ ይኑር አይኑር ከዚያ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ፉሚዮ መንገዱ ላይ የሚመጡትን ትቆጥር ጀመር። አንድ ሰው ከሆነ አለቀ፤ ሁለት ከሆኑ ተረፈች።

አንድ ሰው መጣ። የዓሣ ሳጥኑ ላይ የተቀደደ ሰማያዊ የወረቀት ጥብጣብ ይውለበለባል።

«የመርከቡን መወጣጫ አንስተውት ነበር» አለ ታኬኖሪ። «ተመለስ ብዬ ጮህኩ። ጥሩምባው ዋጠኝ። እሱ ልሰናበተው የመጣሁ መሰለው፤ ደስ ብሎት ይህን የመሰናበቻ ጥብጣብ ወረወረልኝ። እስኪበጠስ ድረስ ጫፍና ጫፉን ይዘን ቆምን።»

ጥገና ቤቱ ሲደርሱ ፉሚዮ አባቷ ፊት ቆማ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ቸኩዬ ነው» አለች። ታኬኖሪ የተፋቀውን ቀለም ስላየ እውነቱን ገምቷል፤ ነገር ግን ዝም አለ። ለዚህ ዝምታው ፉሚዮ የበለጠ ወደደችው፤ መውደዷም የበለጠ አመማት። ጌንዞ ወደ ሞተር ሳይክሉ ጎንበስ ብለው የተፋቀውን ጭረት በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ፉሚዮ ስትነሳ አባቷ የሉም። የቀለም ቆርቆሮውም የለም። ደንግጣ ሮጠች።

ያገኘቻቸው በታኬኖሪ ቤት በር ላይ፣ ያንን ሁሉ እርከን በሕመምተኛ እግራቸው ወጥተው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ጎንበስ ብለው ነው። ታኬኖሪና እናቱ ግራ ተጋብተው ቆመዋል።

«ልጄ መዋሸት አትችልበትም» አሉ ጌንዞ። «ነጥቡ የኔ ነው። የወንድምህን መመለሻ መንገድ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስሜን የሚወስድ ሰው ስፈልግ ዓይኔ መድከሙን እንኳ አላወቅኩም። ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ ልጄን ለዚህ ቤት ሙሽራ አድርጋችሁ ውሰዷት።»

«ስምዎስ፣ አባት?» አለ ታኬኖሪ።

«ከኔ ጋር ይሸምግል።»

«ጥገና ቤቱስ?» አለች ፉሚዮ ከኋላቸው፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ።

ጌንዞ ዞረው የቀለሙን ቆርቆሮ ዘረጉላት። «ጥገና ቤት ማለት ይህ ነው። ባለሽበት ክፈቺው።»

ታኬኖሪና እናቱም መሬት እስኪነኩ አጎነበሱ። ፉሚዮ ማን ቀድሞ ቀና እንዳለ አላየችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

መንደሪኑ ሲበስል ተጋቡ። በለቀማው ሦስተኛ ቀን ፍሬውን በሐዲድ ወደ ታች የሚያወርደው ትንሽ ሞተር ቀጥ አለ፤ ለቃሚዎቹ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሙሽራዋን ጠበቁ። ፉሚዮ ክዳኑን ፈታች፣ ፑንቲናዋን አስተካከለች፣ ወረቀቱ የለቀቀበትን ጭረት ሁለት ጊዜ አረጋገጠች። ከዚያ ብሩሹን ነክራ ከጎኗ ለቆሙት አባቷ ሰጠች።

«እኔ?» አሉ ጌንዞ።

«ያለ ነጥብ ሥራው አያልቅም፣ አባዬ።»

የሚንቀጠቀጠውን የእጃቸውን አንጓ ደግፋ ያዘች። ነጩ ነጥብ ቀዳሚው ጭረት ላይ አረፈ። ታኬኖሪ የማስነሻውን ገመድ ሳበ፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ።