አይ ያለችኝ ልጅ

«አልመጣም ብለሽኛል! በገዛ አፍሽ!»

«ብያለሁ፤ ታዲያስ?»

«ታዲያማ አልመጣሽም!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

ጭልፋውን እንደያዝኩ ወደ እሷ ዞርኩ። ሰው አልመጣም ካለ በኋላ ለምን አልለመንከኝም ብሎ ይቆጣል እንዴ? ማኒቮን ግን ሻንጣዋን አስፋልቱ ላይ አቁማ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ መልስ ትጠብቃለች። ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ላኦስ ልትገባ ነው፤ የቪየንቲያን ባቡሯ ዛሬ ነው። ቻው ልትለኝ መጥታ ነው የተጣላነው።

እኔና እናቴ ኩንሚንግ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጓሮ በር ላይ የሩዝ ኑድል በጋሪ እንሸጣለን። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ትምህርት የተውኩት፤ እኔም አስተማሪዎቼም ተገላገልን። ማኒቮን ደግሞ ከላኦስ ድረስ የቻይናን ቋንቋና ባህል ልትማር የመጣች ናት። እኔ በነጻ ያገኘሁትን እሷ ፈተና ትፈተንበታለች!

መጀመሪያ ስትመጣ «የተከበሩ ባለሱቅ፣ አንድ ሳህን ኑድል ይሰጡኝ ዘንድ እለምናለሁ» አለችኝ። ለሌላ ሰው መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አርፌ ልቀመጥ?

«ሽማግሌውን አስተማሪሽን ስታገኚው ‹አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አለህ?› በይው» አልኳት። «የኩንሚንግ ሰው በጣም ሲያከብር እንደዛ ነው የሚለው።»

አለችው። በማግስቱ መጥታ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ምሳዬ ላይ የኮምጣጤውን ጠርሙስ ሙሉ ገለበጠችው። ቀና ብዬ ሳያት ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ በቃ እዚያው አለቀልኝ።

የዘመን መለወጫ ሲደርስ ለዋዜማው እራት ቤታችን ጠራኋት። እኛ ጋ የዋዜማ እራት ላይ ሴት ልጅ ይዞ መግባት ቀልድ አይደለም፤ አክስቶች ሁሉ ያልተወለዱ ልጆቻችሁን ስም ማውጣት ይጀምራሉ። እናቴ ያደረቀችውን ሥጋ ከተሰቀለበት አወረደች፣ ዓሣ ገዛች፣ ጸጉሯን ሳይቀር ተሠራች።

«አይ፣ አላስቸግራችሁም» አለች ማኒቮን።

«ኧረ ምን ችግር አለው፣ ነይ!»

«አይ፣ አይሆንም።»

ተውኳት። ሆቴል የሚሠራው የአጎቴ ልጅ «ዳሹን፣ የውጭ ሰው አይ ካለ አይ ነው፤ ከጨቀጨቅካት ትጠላሃለች» ብሎኝ ነበር። እስቲ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋ ልሁን አልኩ። እናቴ ባዶውን ወንበር እያየች በላች። «ገበታዬን የናቀች» ብላ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አላናገረቻትም። ማኒቮንም ከዚያ ወዲህ ማዶ ካለው ኑድል ሻጭ ዘንድ መብላት ጀመረች። የሱ ሾርባ እኮ የእጣቢ ውሃ ነው! እያየችኝ ትጠጣዋለች።

አሁን ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች።

«የአገሬን የሐር ቀሚስ ለብሼ፣ ጸጉሬን ሠርቼ፣ ዶርሜ ቁጭ ብዬ ስጠብቅህ ነበር» አለች። «እንደዛ ነው የተማርነው። ቻይና ቤት ስትጠሩ ወዲያው እሺ አትበሉ፣ ሆዳም ትባላላችሁ። አይ በሉ። ደግመው ሲሏችሁም አይ በሉ። አጥብቀው ሲለምኗችሁ ያኔ እሺ በሉ። ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሻለሁ!»

እውነቷን እኮ ነው! እናቴ ራሷ አንዲት ብርቱካን ለመቀበል እጅጌዋ እስኪቀደድ ትጓተታለች። እኔ ለእሷ ብዬ የውጭ ሰው ሆንኩ፣ እሷ ለእኔ ብላ ቻይና ሆነች፤ መሀል ቤት ዓሣው ቀዘቀዘ።

«እንግዲያው አትሂጂ» አልኳት።

«አይ፣ መሄድ አለብኝ።»

ይኸው! ይሄኛው አይ ደግሞ የትኛው ነው? ክፍል የተማረችው ነው የራሷ? ዓይኗን አየሁት። ዓይን ይናገራል የሚሉት ውሸት ነው፤ ውሃ ሞልቶታል፣ በቃ።

«ቅሪ፣ በሞቴ!»

«አይ፣ ዳሹን።»

«አፈር ስሆን!»

«የእውነቴን ነው፣ አንተ ጅል! ቪዛዬ ሊያልቅ ነው!»

ሾርባው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ተነስታ የሻንጣዋን እጀታ ያዘች። ትንሽ ሄድ አለችና ቆመች።

«ዝናቡ ሲያባራ እኛ አገር የጀልባ ውድድር በዓል አለ» አለች፣ ጫማዋን እያየች። «ለምን እናቴ ቤት አትመጣም?»

እሺ ማለት ምን ያቅታል? አፌ ግን ሳያማክረኝ፣ እናቴ እንዳሳደገችው፣ «አይ፣ አይ፣ እናትሽን ለምን አስቸግራለሁ» አለ።

ወይኔ! ምላሴን ነክሼ በቆረጥኳት!

የማኒቮን ፊት ጠቆረ። «እኛ ቤት የሚጠየቀው አንዴ ነው» አለችና ሻንጣዋን እየጎተተች መንገድ ጀመረች።

ልጣራ አፌን ስከፍት ከኋላዬ የድስት ክዳን መሬት ላይ ወድቆ ተንኳኳ። ከዘመን መለወጫ ወዲህ ያቺን ልጅ አንድ ቃል ያላናገረቻት እናቴ ከጋሪው ጀርባ ብቅ አለች።

«አንቺ ልጅ! ለእናትሽ ይመጣል በያት! እዚህም ቢሆን ለምንም አይጠቅመኝም!»