በስህተት ያረጀው ጊታር

ፌንጣ ጊታሩን ስትገለብጠው አንዲት ድመት አፈጠጠችባት።

ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ብርቱካናማ፣ ጢሟ የተንጨባረረ የስቲከር ድመት ናት። የጊታሩ አንገት ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፣ ከጀርባ በኩል ተለጥፋለች። ከፋብሪካ የሚወጣ ጊታር ደግሞ ድመት ተለጥፎበት አይመጣም። ፌንጣ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ብልጤ» አለች። «አባትህ የትኛውን ነው ፍቂ ያለኝ?»

የአጎቷ ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ። «በግራ በኩል ያለውን።»

«እኮ፣ ግራው ይኼ ነዋ!»

ብልጤ እሷን አየ፤ ጠረጴዛውን አየ፤ እንደገና እሷን አየ። «አንቺ ከቆምሽበት ሲታይ አዎ። አባዬ ግን የነገረሽ በሩ ጋ ቆሞ ነው። የእሱ ግራ ያንቺ ቀኝ ነው።»

ፌንጣ ብርጭቆ ወረቀቱን ከፊቷ ገፋችው።

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣላት ራሱ አጎቷ ነው። ነገር ተነግሮ ሳያልቅ ዘላ የምትነሳ ልጅ ስለሆነች። እናቷ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት «እንደምን አደርሽ» ከማለት አብልጣ ነው የምትነግራት።

የአጎቷ ሥራ ለማያውቀው ሰው ሲነገር ቀልድ ይመስላል። አዳዲስ ጊታሮችን ያስረጃል። እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ አዲስ ጊታር ይመጣለታል፤ እሱ የክንድ ማረፊያውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ጠርዙን በቁልፍ እስር ይቀጠቅጣል፣ ብሎኖቹን በኮምጣጤ ያዝጋል። ሲጨርስ ጊታሩ ዕድሜ ልኩን ከመድረክ መድረክ ሲንከራተት የኖረ መስሎ ይወጣል። ገዢዎቹም የሚታለሉ አይደሉም፤ አዲስ መሆኑን አውቀው፣ መልኩን ወደው ነው የሚያሠሩት። የፌንጣ እናት ይህ ነገር መቼም አይዋጥላትም። «ወንድሜ አዲሱን አስረጅቶ ይሸጣል፤ እኔ በነፃ አርጅቼ የሚገዛኝ አጣሁ!» ትላለች።

ፌንጣ ግን ከትምህርት ቤት መልስ አጎቷ ጊታር ቤት መዋል ትወዳለች። የእንጨቱን ብናኝ ሽታ ትወዳለች፤ አጎቷ «ጊታር የሚያረጀው ሰው በነካው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው የት የት እንደሚነካው አስቢ» እያለ ሲያስተምራት ትወዳለች። በቁርጥራጭ እንጨት ላይ ስትለማመድ ከርማ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ጊታር ፍቂ ተባለች። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ መንታ የሚመስሉ ሁለት ቀያይ ጊታሮች ተጋድመው ነበር። አንደኛው የአንድ የሠርግ ሙዚቀኛ ነው፤ እንዲያረጅለት ያመጣው። ሁለተኛው ክሩ ተቀይሮለት ባለቤቱን የሚጠብቅ ነው። አጎቷ «በግራ ያለውን፣ የክንዱን ቦታ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ» ብሎ ዕቃ ሊያደርስ ወጣ። «ቀስ ብለሽ» የሚለው ከአፉ ሲወጣ ፌንጣ ጀምራ ነበር።

«የመቃ ጊታር ነው» አለች አሁን፣ በሹክሹክታ።

መቃ የክፍሏ ልጅ ናት። ቁመቷ መለሎ፣ ድምጿ ቀጭን፤ አስተማሪ ሲጠይቃት እንኳ መልሱን ለራሷ የምትነግር ነው የምትመስለው። ጊታሩን ያመጡት አባቷ፣ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ነበር። «አደራ እንዳይጫር» ብለው ወጡና፣ ከመንገድ ተመልሰው ደግመው «አደራ» አሉ።

አሁን የክንድ ማረፊያው ላይ ቀዩ ቀለም ተገፎ እንጨቱ ገርጥቶ ይታያል። መሐሉ ነጣ ብሎ፣ ወደ ዳር ወደ ዳር እየደበዘዘ ከቀዩ ጋር ይቀላቀላል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ማማሩ ነው።

«ተበላሁ» አለች ፌንጣ።

ብልጤ ስሙን ያገኘው እንዲያው አይደለም። ከንፈሩን ነክሶ ጥቂት ቆየና ፈገግ አለ። «አታካብጂው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ክራቸው አዲስ። ድመቷን ነቅለን እዚያኛው ላይ እንለጥፋለን። መቃ ያልተነካውን ትወስዳለች፣ ሙዚቀኛው የተፋቀውን ይወስዳል። እሱስ እንዲፋቅለት አይደል ያመጣው? እስቲ ማን ተጎዳ?»

ፌንጣ የሚጎዳ ሰው በሐሳቧ ፈለገች። አላገኘችም። ቢሆንም ሐሳቡን አልወደደችውም።

ብልጤ መልሷን አልጠበቀም። ቀለም የሚያሞቁበትን የፀጉር ማድረቂያ አነሳ። ሙጫው ሲለሰልስ ድመቷ በጥፍሩ ጫፍ ተላቀቀች፤ አንድ ጆሮዋ ትንሽ ተጨራመተ እንጂ ደህና ናት። በሌላኛው ጊታር ላይ፣ እዚያው ቦታ ለጠፋት። «ይኸው። ፈታ በይ አሁን።»

ፌንጣ ፈታ አላለችም። የተፋቀውን ጊታር በጨርቅ ሸፍና ጥግ ስታስቀምጠው ሰው የደበቀች ያህል ተሰማት።

በሩ ተንኳኳ። መቃ ነበረች።

«ደረሰልኝ?» አለች በዚያ በቀጭን ድምጿ። «አባዬ መኪና ማቆሚያ አጥቶ እየዞረ ነው።»

ብልጤ ጊታሩን ዘረጋላት። መቃ ወዲያው አልተቀበለችውም። መጀመሪያ ዚፑ እንዳይነካው ጃኬቷን አወለቀች፤ የእጅ ሰዓቷን ፈታ ኪሷ ከተተች። ከዚያ በጣቶቿ ጫፍ ተቀበለችውና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ከላይ እስከ ታች ታየው ጀመር።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አለች ፌንጣ።

«ጭረት።» መቃ ቀና አላለችም። «አባዬ ማታ ማታ በባትሪ ያየዋል። ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ግን አይቶ እስኪጨርስ ትንፋሼን ውጬ ነው የምቆየው።» ጊታሩን ገለበጠችው። «ድመቴም አለች» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ፌንጣን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ምንም አልሆነም አይደል?»

መልሱ ቀላል ነበር። «አልሆነም» ማለት ብቻ። ብልጤ ከመቃ ጀርባ ቆሞ፣ በይ እንጂ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ፌንጣ በጨርቅ ወደ ሸፈነችው ጊታር ዞር ብላ አየች። መቃ እየጠበቀቻት ነበር።

«እሱ ያንቺ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«እ?»

«ድመቷ ያንቺ ናት። ጊታሩ ግን የሌላ ሰው ነው። ያንቺን… ያንቺን ፍቄዋለሁ።»

ብልጤ ግንባሩን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። ፌንጣ ከጥግ ሄዳ ጨርቁን ገለጠች፤ የግራና የቀኙን ነገር፣ የድመቷን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሳትተነፍስ ነው የተናገረችው።

መቃ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። በእጇ ያለውን አዲሱን ጊታር እንቁላል እንደምታስቀምጥ ሰው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የራሷን አነሳች። እንጨቱ የተገለጠበት ላይ መዳፏን አሳረፈችበት።

«ይለሰልሳል» አለች።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ የጊታሩን ገመድ የድምፅ ማጉያው ላይ ሰካችና ክሩን መታችው። መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር። ከዚያ ክንዷን እዚያው የተፋቀው ቦታ ላይ ጥላ፣ በሙሉ እጇ መታችው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ያቺ በክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ክፍሉን ሞላችው።

«እንዲህ ትችያለሽ እንዴ!» አለ ብልጤ።

«እኔም አላውቅም ነበር።» መቃ ጉንጮቿ ቀልተዋል። «ከተገዛልኝ ጀምሮ ስይዘው የማስበው ዘፈኑን አልነበረም። የመጀመሪያውን ጭረት ነው። መቼ ይሆን፣ በምን ይሆን እያልኩ። አሁን… ሆነ በቃ። አለፈ።» ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች። «እፎይ!»

የፌንጣ አጎትና ባለ መድኃኒት ቤቱ ተከታትለው የገቡት ይህን ጊዜ ነው። የባለ መድኃኒት ቤቱ ዓይን ቀጥታ ጊታሩ ላይ አረፈ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ፌንጣ ከሁሉም ቀድማ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ። በስህተት የፋቅኩት እኔ ነኝ። ልንለውጠውና ልንደብቅዎትም አስበን ነበር።»

«ሐሳቡ የእኔ ነው» አለ ብልጤ፤ የሚናገረው ለጫማው ይመስል ነበር።

አጎቷ ፌንጣን አያት። ወደ ባለ መድኃኒት ቤቱ ዞረ። «ግራውን ስላት የማን ግራ እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። እርስዎ ግን አይጎዱም። ያልተነካው ይኸውልዎ፣ እሱን ይውሰዱ። የእሱን ባለቤት እኔ አነጋግረዋለሁ።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ ወደ አዲሱ ጊታር እጃቸውን ዘረጉ።

«አባዬ፣ እኔ የምፈልገው ይኼኛውን ነው።»

«የትኛውን? የተላጠውን?»

«አንዴ ስማኝ እስቲ» አለች መቃ፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ጀመረች።

የሰውየው እጅ አዲሱ ጊታር ላይ እንዳለ ቀረ። መቃ አንድ ቦታ ላይ ተሳሳተች፤ ሳቅ ብላ ከዚያው ቀጠለች። አባቷ ስትሳሳት አይደለም፣ ስትስቅ ነው ቀና ብለው ያዩዋት። ስትጨርስ እጃቸውን ከአዲሱ ጊታር ላይ አነሱ።

«እኔ እኮ የጠበቅሁልሽ መስሎኝ ነበር» አሉ ባለ መድኃኒት ቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ጎንበስ ብለው የተፋቀውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ፌንጣ አጎት ዞሩ። «ለመሆኑ ሰው ይህንን ወዶ ነው የሚያሠራው?»

«ወረፋ ይዞ ነው እንጂ!»

«ከፍሎ?»

«ያውም ደህና አድርጎ።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። መከላከያዋ የጎደጎደ፣ በሯ ከዳር እስከ ዳር የተጫረ መኪናቸው ቆማለች። «እንግዲያው እኔ ሳላውቀው ሀብታም ሆኛለሁ ማለት ነው» አሉ።

ቀድማ የሳቀችው መቃ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ፌንጣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች፤ ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ድንጋይ ተንከባሎ የወረደ መሰላት። ብልጤ የፀጉር ማድረቂያውን እንደገና አነሳና ድመቷን ወደ ቤቷ መለሳት። አባትና ልጅ ሲወጡ ጊታሩን የተሸከመችው መቃ ነበረች፤ ሰዓቷንም መልሳ እጇ ላይ አስራ።

ከዚያ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። አጎቷ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ቀይ ብናኝ በብሩሽ መጥረግ ጀመረ። ፌንጣ ቁጣውን ቆማ ጠበቀች።

«አበላሽተሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለ ሳያያት። «ለመቆጣት ይመቸኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዳር ዳሩን አሳምረሽ ነው የሠራሽው።» ከዚያ ብሩሹን አስቀመጠና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «አሁን ደግሞ ያኛው አለ። ሙዚቀኛው ነገ ጠዋት የሚመጣው አልቆ ሊያገኘው ነው። የእሱ ገና አልተነካም።»

ሙዚቀኛውን ሦስቱም ያውቁታል። ደህና ሰው ነው፤ ሲናደድ ግን ድምፁ ያለ ማጉያ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

«ቀለሙ አልደረቀም በለው» አለ ብልጤ።

አጎቷ ወደ ልጁ ዞሮ ዓይኑን አጠበበ፤ ከዚያ ስልኩን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። የቸገረው ይመስል ነበር።

ፌንጣ እጇን ዘረጋች። «ጋሼ፣ እኔ ልንገረው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

ቁጥሩን ደውሎ ሰጣት። ፌንጣ በርጩማው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ስልኩ ሲጠራ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሃሎ!» የሚል ወፍራም ድምፅ ከወዲያ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች፤ «ከጊታር ቤቱ ነው የምደውለው። ጊታርዎ ለነገ አይደርስም። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ትንሽ ረዘም ይላል…»